የመድኃኒት ልክና የጠብታ ሒሳብ
ነርስነትን ለመማር ለሚያስቡ ተማሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት

«ሲበዛ ማርም ይመራል» ይላሉ አባቶቻችን። ለመድኃኒት ግን ይህ ምሳሌ ብቻውን አይበቃም። መድኃኒት ሲበዛ ይጎዳል፣ አልፎም ይገድላል፤ ሲያንስ ደግሞ በሽታውን ሳያጠፋ በሽተኛውን በከንቱ ተስፋ ያቆየዋል። ስለዚህ መድኃኒት መድኃኒት የሚሆነው በልኩ ሲሰጥ ብቻ ነው። ልኩን አውቆ ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው፤ የታዘዘውን ልክ ቆጥሮ፣ ሰፍሮና በሰዓቱ ከበሽተኛው ዘንድ ማድረስ ግን በአብዛኛው የነርስ ሥራ ነው።

እኛ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የምንኖር ተማሪዎች ከሕክምና ታሪክ ሩቅ አይደለንም። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩስያ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ወደ አገራችን መጥቶ ቁስለኞችን አክሟል። ከ1900 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታትም በአገራችን የመጀመሪያው የመንግሥት ሆስፒታል የሆነው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። የነርስነት ሙያም ቢሆን የክብር ታሪክ አለው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረው ተመርቀዋል፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1934 ዓ.ም. በነቀምት በወጣትነታቸው ዐረፉ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የነርሶች ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ እጅግ ብዙ ሴቶችና ወንዶች ወደዚህ ሙያ ገብተዋል።

ከእናንተም መካከል ነገ ነጭ ልብስ የምትለብሱ ትኖራላችሁ። ይህ ሙያ የሚጠይቀው ሒሳብ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ስለሆነ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በክፍል ውስጥ ነጥብ ያለ ቦታው የገባ እንደ ሆነ የሚቀነሰው ማርክ ነው፤ በሕሙማን ክፍል ግን ያው ነጥብ የሕፃን ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከቀመሩ ጋር ሦስት ሕጎችን አብረን እንማራለን። አንደኛ፣ የመለኪያውን ስም ሙሉውን ጻፉ። ሁለተኛ፣ ሳታሰሉ በፊት መልሱ ስንት ያህል እንደሚሆን ገምቱ። ሦስተኛ፣ ካሰላችሁ በኋላ ሌላ ሰው በራሱ እንዲያሰላው አድርጉ።

ሀ. ስለ መለኪያዎች

1 ግራም 1000 ሚሊ ግራም ነው። 1 ሚሊ ግራም ደግሞ 1000 ማይክሮ ግራም ነው። በፈሳሽ በኩል 1 ሊትር 1000 ሚሊ ሊትር ነው። በሕክምና ቤት «ሲሲ» ሲባል የምትሰሙት ከሚሊ ሊትር ጋር አንድ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጸሐፊ የሚጠነቀቅበት ነገር አለ። ሚሊ ግራምን አሳጥረን «ሚ.ግ.»፣ ማይክሮ ግራምን አሳጥረን «ማ.ግ.» ብንል፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአንዲት ፊደል ሣልስና ራብዕ ብቻ ነው። በችኮላ በተጻፈ እጅ ጽሕፈት ሚ እና ማ ሊምታቱ ይችላሉ፤ የመድኃኒቱ ልዩነት ግን 1000 እጥፍ ነው። በላቲን ፊደልም አሕጽሮታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ አደጋው ያው ነው። ስለዚህ ሙሉውን መጻፍ ጊዜ ማባከን አይደለም።

ስለ ነጥብም እንዲሁ ነው። ግማሽ ሚሊ ግራም ሲጻፍ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ይቀመጥ፤ 0.5 እንጂ .5 አይባልም። ነጥቡ ሳይታይ ቢቀር 5 ተብሎ ይነበባልና። አምስት ሚሊ ግራም ሲጻፍ ደግሞ ከኋላ ነጥብና ዜሮ አይጨመርም፤ 5 እንጂ 5.0 አይባልም። ነጥቡ ቢደበዝዝ 50 ይሆናልና። በሁለቱም ስሕተት በሽተኛው የሚያገኘው አሥር እጥፍ ነው።

ለ. ስለሚዋጥና ስለሚጠጣ መድኃኒት

ማናቸውም የመድኃኒት ሒሳብ የሚያርፈው በዚህ ቀመር ላይ ነው፤

የሚሰጠው ፈሳሽ = የታዘዘው መጠን ÷ በእጅ ያለው መጠን × ያ መጠን የሚገኝበት ፈሳሽ

ምሳሌ እንውሰድ። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ታዘዘ። ሐኪሙ ያዘዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ 15 ሚሊ ግራም ነው። በእጅ ያለው ሽሮፕ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊ ግራም ይዟል።

በመጀመሪያ ለልጁ ክብደት የሚገባውን እንፈልግ፤ 12 × 15 = 180 ሚሊ ግራም። ቀጥሎ ሳናሰላ እንገምት፤ 180 ከ120 ይበልጣል፣ ከ240 ግን ያንሳል። እንግዲህ መልሱ ከ5 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ከ10 በታች መሆን አለበት። አሁን እናስላ፤ 180 ÷ 120 × 5 = 7.5 ሚሊ ሊትር። መልሱ ከግምታችን ውስጥ ገባ። ተሳስተን ገልብጠን 120ን ለ180 አካፍለን ቢሆን ኖሮ 3.3 ሚሊ ሊትር እናገኝ ነበር፤ ግምታችንም ወዲያው ስሕተቱን ያጋልጥብን ነበር። የግምት ጥቅሙ ይህ ነው።

ለወላጅ ሲነገርም «አንድ ማንኪያ ተኩል» ብሎ ማሰናበት አይበቃም። በየቤቱ ያለው ማንኪያ መጠኑ አንድ አይደለም፤ የሾርባውም የሻይውም ማንኪያ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠውን መስፈሪያ አሳይቶ፣ መስመሩን በጣት አመልክቶ፣ እናቲቱም መልሳ እንድታሳይ ማድረግ የነርስ ተግባር ነው።

ሐ. ስለ መርፌ

በመርፌ የሚሰጠው ቀመሩ ያው ነው፤ ጥንቃቄው ግን ይበዛል። በደም ወይም በጡንቻ የገባ መድኃኒት ተመልሶ አይወጣምና።

3 ኪሎ ለሚመዝን አራስ ሕፃን ጄንታማይሲን ለእያንዳንዱ ኪሎ 5 ሚሊ ግራም ታዘዘ እንበል። ለሕፃኑ የሚገባው 3 × 5 = 15 ሚሊ ግራም ነው። ይህ መድኃኒት በ2 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ጥንካሬ አለው። አንዱ በ2 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም፣ ሌላው በ2 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም ይይዛል። የብልቃጦቹ ልክ አንድ ነው፤ የፈሳሹም ብዛት አንድ ነው፤ የሚለያቸው በላያቸው የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።

ከቀጭኑ ዓይነት፤ 15 ÷ 20 × 2 = 1.5 ሚሊ ሊትር።
ከብርቱው ዓይነት፤ 15 ÷ 80 × 2 = 0.375 ሚሊ ሊትር።

«ለዚህ ሕፃን 1.5 ሚሊ ሊትር ነው» የሚለውን ብቻ በቃሏ የያዘች ነርስ ከብርቱው ብልቃጥ 1.5 ብትቀዳ ሕፃኑ የሚያገኘው 60 ሚሊ ግራም፣ ማለት አራት እጥፍ ነው። ይህ መድኃኒት ከልኩ ሲያልፍ ኩላሊትንና የመስማት ኀይልን ይጎዳል። ስለዚህ ትእዛዝ በሚሊ ሊትር ብቻ አይተላለፍም፤ ምንጊዜም በሚሊ ግራም ይነገራል። ብልቃጡም ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ ከመደርደሪያው ሲነሣ፣ ሲቀዳና ሲጣል።

መ. በመቶኛ ስለ ተጻፈ ጥንካሬ

በአንዳንድ ብልቃጥ ላይ ጥንካሬው የሚጻፈው በመቶኛ ነው። ትርጉሙም በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ ማለት ነው። 50 በመቶ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር 50 ግራም፣ ማለት በ1 ሚሊ ሊትር 500 ሚሊ ግራም ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ማግኒዝየም ሰልፌት ነው። በእርግዝና ወይም በወሊድ ጊዜ የደም ግፊት ከፍ ብሎ እናቲቱን የሚያንዘፈዝፋት ብርቱ በሽታ አለ፤ ኤክላምፕሲያ ይባላል። ለዚህ በሽታ ዋናው መድኃኒት ማግኒዝየም ሰልፌት ሲሆን፣ የመጀመሪያው በደም ሥር የሚሰጠው መጠን 4 ግራም ነው። ብልቃጡ 50 በመቶ ከሆነ 4 ግራም፣ ማለት 4000 ሚሊ ግራም፣ 4000 ÷ 500 = 8 ሚሊ ሊትር ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን 50 በመቶው እንዳለ ወደ ደም ሥር አይገባም፤ ወደ 20 በመቶ መቅጠን አለበት። 20 በመቶ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር 20 ግራም ስለሆነ 4 ግራም የሚገኘው በ20 ሚሊ ሊትር ውስጥ ነው። እንግዲህ በ8ቱ ላይ 12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የመርፌ ውሃ ይጨመርና 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ከ5 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜም ቀስ ተብሎ ይሰጣል።

በዚህ ስሌት ላይ የሁለት ሰው ሕይወት ተንጠልጥሏል። መድኃኒቱ ቢያንስ መንዘፍዘፉ ይመለሳል፤ ቢበዛ ደግሞ ትንፋሽን ያቆማል። ስለዚህ ነርሷ ትንፋሿን ትቆጥራለች፣ የጉልበቷን ምላሽ ታያለች፣ ሽንቷንም ትለካለች፤ ማርከሻው ካልስየም ግሉኮኔትም ከአጠገቧ ተዘጋጅቶ ይቆያል።

ሠ. የተሰቀለው ፈሳሽ እንዴት ይወርዳል?

በሠፈራችን ከብረት ላይ የተሰቀለውን ፈሳሽ ሁሉ ሰው «ግሉኮስ» ይለዋል። ነርስ ግን ከረጢቱን ሳያነብ አይሰቅልም። 5 በመቶ ግሉኮስ በሊትር 50 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ኖርማል ሳላይን የሚባለው 0.9 በመቶ ስለሆነ በሊትር 9 ግራም ጨው ይይዛል፤ ሪንገር ላክቴት ደግሞ ከጨው ሌላ ፖታስየም፣ ካልስየምና ላክቴት አለበት። በተቅማጥ የደረቀ ሰው ያጣው ውሃና ጨው ነው፤ የስኳር ውሃ ብቻ ቢሰጠው ያጣው አይተካለትም።

ይህ ጥበብ የተጀመረው በኮሌራ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ቶማስ ላታ የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም ኮሌራ ላደረቃቸው በሽተኞች ጨው ያለበትን ውሃ በደም ሥራቸው አስገባ፤ ከሞት አፋፍ የተመለሱም ነበሩ። በአገራችንም ኮሌራ በተነሣ ጊዜ ሁሉ የብዙ ሰው ሕይወት የሚተርፈው በዚሁ ውሃና ጨው ነው።

ፈሳሹ የሚወርደው በመሬት ስበት ነው። የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ወደ ከተማው የሚወርደው መነሻው ከፍ ያለ፣ መድረሻው ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው፤ ከረጢቱም ከበሽተኛው ክንድ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚሰቀለው በዚሁ ምክንያት ነው። ታዲያ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው እንጦጦ ራስ ላይ የተሰቀለ ፈሳሽ ከቆላ ይልቅ ይፈጥናልን? አይፈጥንም። የአየሩ ግፊት በተራራው ላይ ቢቀንስም የሚቀንሰው በከረጢቱም በሰውነቱም ላይ እኩል ነው። የሚቆጠረው የከረጢቱና የክንዱ የከፍታ ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ የተራራው ከፍታ ጠብታውን አይለውጠውም፤ አልጋው ከፍ ቢል ወይም በሽተኛው ቁጭ ቢል ግን ይለውጠዋል። ነርስ በሽተኛው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠብታውን እንደገና የሚቆጥረው ስለዚህ ነው።

ረ. የጠብታ ሒሳብ

አንድ ምንጭ 20 ሊትር ጀሪካን በ4 ደቂቃ ቢሞላ በደቂቃ 5 ሊትር ይፈሳል እንላለን። ፍጥነት ማለት ብዛቱን ለጊዜው ማካፈል ነው። በሕሙማን ክፍል የምንቆጥረው ጠብታ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ እንጨምራለን፤ ይኸውም 1 ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደ ሆነ ነው። ይህ ቁጥር በቱቦው መያዣ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለዐዋቂ የሚሆኑት ቱቦዎች 10፣ 15 ወይም 20፣ ለሕፃናት የሚሆነው 60 ጠብታ በሚሊ ሊትር ነው።

ጠብታ በደቂቃ = የፈሳሹ ብዛት በሚሊ ሊትር × ጠብታ በሚሊ ሊትር ÷ ጊዜው በደቂቃ

1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ ተብሎ ቢታዘዝ፣ ቱቦውም ባለ 20 ቢሆን፤ 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። 1000 × 20 ÷ 480 = 41.7፣ ወደ 42 ጠብታ በደቂቃ።

መንገዱን የሚያሳጥር ዘዴም አለ። በመጀመሪያ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚገባ እንፈልግ፤ 1000 ÷ 8 = 125። ከዚያ ቱቦው ባለ 20 ከሆነ ለ3፣ ባለ 15 ከሆነ ለ4፣ ባለ 10 ከሆነ ለ6 ማካፈል ነው። ባለ 60 ከሆነ ቁጥሩ ሳይለወጥ ጠብታው ይሆናል። 125 ÷ 3 = 41.7፤ ያው መልስ መጣ። ሁለቱን መንገዶች አንዱን ለሌላው ማመሳከሪያ አድርጉት።

አሁን ወደ ከባዱ ምሳሌ እንምጣ። ዕድሜው 8 ወር፣ ክብደቱ 7 ኪሎ የሆነ ሕፃን በተቅማጥ እጅግ ደርቆ መጣ። ከዓመት በታች ለሆነ ሕፃን የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ በጠቅላላው ለኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ያዝዛል፤ ከዚህ ውስጥ ለኪሎ 30 ሚሊ ሊትር በመጀመሪያው 1 ሰዓት፣ የቀረው ለኪሎ 70 ሚሊ ሊትር በሚቀጥለው 5 ሰዓት ይገባል። ቱቦው ባለ 20 ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት፤ 7 × 30 = 210 ሚሊ ሊትር፤ 210 ÷ 3 = 70 ጠብታ በደቂቃ።
የሚቀጥለው 5 ሰዓት፤ 7 × 70 = 490 ሚሊ ሊትር፤ 490 ÷ 5 = 98 በሰዓት፤ 98 ÷ 3 = 32.7፣ ወደ 33 ጠብታ በደቂቃ።

እንግዲህ ሰዓቱ ሲሞላ ጠብታው ከግማሽ በታች መውረድ አለበት። ነርሱ በሌላ ሥራ ተይዞ ሳይቀንሰው ቢቀር፣ ለ5 ሰዓት የታሰበው ፈሳሽ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ የሕፃኑ ልብና ሳንባም ያን ሁሉ ላይችሉት ይችላሉ። በምግብ እጥረት እጅግ ለተጎዳ ሕፃን ደግሞ ይህ ሥርዓት አይሠራም፤ ልቡ ደካማ ስለሆነ የራሱ ልዩ መመሪያ አለው። ቀመሩን ማወቅ ብቻ ሳይሆን ቀመሩ ለማን እንደሚሆን ማወቅም የትምህርቱ ክፍል ነው።

ሰ. ስለ ሰዓት አቆጣጠር

በአገራችን ቀን የሚጀምረው ከማለዳው 12 ሰዓት ነው፤ በሆስፒታል መዝገብ ላይ ግን የአውሮፓ አቆጣጠር ይገባል። በሁለቱ መካከል 6 ሰዓት ልዩነት አለ። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተሰቀለ፣ በ8 ሰዓት የሚያልቅ ከረጢት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ያልቃል። አንዱ ነርስ በወረቀት «10 ሰዓት ያልቃል» ብሎ ቢተው፣ ተረኛውም በአውሮፓ አቆጣጠር የጠዋት 10 ነው ብሎ ቢያነበው፣ የሚመጣው በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። በሽተኛው ስድስት ሰዓት ያለ ፈሳሽ ይቆያል። ስለዚህ አቆጣጠሩና ሌሊት ወይም ጠዋት መሆኑ ሳይጻፍ ሰዓት ብቻውን አይጻፍ።

ሸ. ጠብታው ሲዘገይ

በከረጢቱ ጎን ፕላስተር ለጥፎ በየሰዓቱ የት መድረስ እንዳለበት ምልክት ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። ከላይ ባየነው የ8 ሰዓት ምሳሌ ከ3 ሰዓት በኋላ 375 ሚሊ ሊትር መግባት ነበረበት። 250 ብቻ ገብቶ ቢገኝ የቀረው 750 ለ5 ሰዓት ነው፤ 750 ÷ 5 = 150 በሰዓት፣ ማለት 50 ጠብታ በደቂቃ። ነገር ግን ይህ አዲስ ትእዛዝ ስለሆነ ሐኪሙ ወይም የክፍሉ ኃላፊ ሳይጠየቅ አይለወጥም። «የዘገየውን ላካክስ» ብሎ መቆጣጠሪያውን መልቀቅ ከቶ አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው ነው፤ ወደ ደም ሥር የፈሰሰው ግን አይለቀምም።

መልመጃ

1. አሞክሲሲሊን 250 ሚሊ ግራም ታዘዘ። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም አለው። ስንት ሚሊ ሊትር ይሰጣል?
2. 14 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ታዘዘ። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ነው። ስንት ሚሊ ሊትር?
3. 10 ሚሊ ሊትር ባለ 10 በመቶ ካልስየም ግሉኮኔት ስንት ግራም ይይዛል?
4. 12 ኪሎ ለሚመዝን የ2 ዓመት ልጅ በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር በ2 ሰዓት ተኩል ይግባ ተባለ። ቱቦው ባለ 20 ነው። ስንት ጠብታ በደቂቃ?
5. 1000 ሚሊ ሊትር በሰዓት 100 እየገባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀመረ። በስንት ሰዓት ያልቃል?

መልስ፤ 1) 10 ሚሊ ሊትር። 2) 8.75 ሚሊ ሊትር። 3) 1 ግራም። 4) 112 ጠብታ። 5) ከምሽቱ 1 ሰዓት።

ተማሪዎች ሆይ! በዚህ ጽሑፍ የተሰጡት ልኮች ለትምህርት የቀረቡ ምሳሌዎች ናቸው፤ በሕሙማን ክፍል የሚሠራው የሐኪሙ ትእዛዝና የሆስፒታሉ መመሪያ ነው። ነገር ግን ሦስቱ ሕጎች በየትም ቦታ አይለወጡም። ሙሉውን ጻፉ፤ አስቀድማችሁ ገምቱ፤ ለባልደረባችሁ አስመርምሩ። ከእናንተ የሚያንስ ተማሪ «ይህ ቁጥር አልገጠመኝም» ቢላችሁ አትቆጡ፤ አመስግኑትና እንደገና አስሉ። በሽተኛው የሚፈልገው ልኩን እንጂ ማን እንዳገኘው አይደለም።